ኮሶው ወጣ፣ በጓ ግን ሞተች

ይህን የምጽፈው በግና ፍየል ለምታረቡ ሰዎች ነው። በተለይ ደግሞ የትል መድኃኒት ከመግዛት ይልቅ ቅጠል ቀጥቅጣችሁ ለምትግቱ። እኔም ከእናንተ አንዷ ነበርኩ። አሁንም ቢሆን ቅጠሉን እርግፍ አድርጌ አልተውኩትም። ነገር ግን አንዲት የከበደች በግ ካጣሁ በኋላ የትኛው ቅጠል ለየትኛው ትል እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ ደክሜያለሁ። እናንተ በአቋራጭ ብትደርሱበት ደስ ይለኛል።

የምንኖረው ሐዋሳ ነው፤ ወደ ሻሸመኔ መውጫ፣ ጥቁር ውሃ አካባቢ። ከግቢያችን ጀርባ ትንሽ ሜዳ አለች። ከሜዳዋ ወዲያ መሬቱ እየረጠበ ሄዶ ረግረግ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. ከሻሸመኔ ገበያ 5 እናት በግና 1 አውራ ገዝተን ጀመርን። በሁለት ዓመት ውስጥ 13 ደረሱ። ባለቤቴ ሥራ ስለሚውል በጎቹን የምንይዘው እኔና አማቴ ነን። አማቴ ያደጉት ባሌ፣ ጎባ ነው። የኮሶ ዛፍ ከደጃቸው ነበር። ስለ እንስሳ ከእኔ መቶ እጥፍ ያውቃሉ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ዳለቻ የምንላት በግ ነበረችን። መጀመሪያ ከገዛናቸው አንዷ ናት። ሁለት ጊዜ መንታ ወልዳልናለች። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ከብዳ ሳለች ከሌሎቹ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች። ፀጉሯ ተንጨባረረ። ስትግጥ ቆም ትላለች፣ ትተኛለች። አንድ ቀን ጠዋት ጉረኖውን ስጠርግ በጠጧ ላይ የተቀቀለ ሩዝ የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ። አማቴን ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ይሄማ ኮሶ ነው። ለእኔ ተዪው» አሉኝ።

ገበያ ሄደው የደረቀ የኮሶ አበባ ገዙ። ማታውን በሙቀጫ ወቅጠው ዘፈዘፉት። ጠዋት አጥልለው፣ ዳለቻ ምንም ሳትቀምስ፣ እኔ አንገቷን ይዤ እሳቸው በጠርሙስ ጋቷት። ከሰዓት በኋላ ተቅማጥ ያዛት። ከተቅማጡ ጋር አንድ ክንድ የሚሆን ነጭ ጥብጣብ የመሰለ ትል ወጣ። እልል ማለት ነበር የቀረን። አማቴ «አየሽ? እናቶቻችን ሞኝ አልነበሩም» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ዓይኔ ያየውን እንዴት አላምንም?

ከ12 ቀን በኋላ ከመንጋጭላዋ ሥር አበጠች። እብጠቱ እንቁላል ያክላል፣ ሲነኩት ውሃ እንደቋጠረ ለስለስ ይላል። ጠዋት ጠዋት ይቀንሳል። ስትግጥ ውላ ማታ ስትገባ ተመልሶ ይመጣል። እኔ እሾህ ወግቷት ይሆናል አልኩ። አማቴ ቅቤ አሙቀው አሹላት። ተቅማጥ የላትም፣ ትል አይታይባትም፤ ስለዚህ የትል ነገር ከሐሳባችን ወጥቷል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጉረኖውን ስከፍት ሞታ አገኘኋት። የሆዷ ግልገል ከእሷ ጋር ሄደ።

ባለቤቴ የሚያውቀው አንድ የእንስሳት ሐኪም አለ። ምን እንደገደላት ሳናውቅ አንቀብራትም ብዬ ስላስቸገርኩ መጣልን። ጓንት አጥልቆ ሆዷን ከፈተው። ትልቁን ጨጓራ አለፈ፣ ሽንፍላውን አለፈ። ከሽንፍላው ቀጥሎ ያለውን፣ እኛ ሴቶች በዓል ሲሆን አጥበን ብዙም ልብ የማንለውን አራተኛውን ክፍል በቢላ ሰነጠቀው። ውስጡ የቡና አተላ የመሰለ ፈሳሽ ነበረ። «ጠጋ ብለሽ እዪ እህቴ» አለኝ።

መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ቀጥሎ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ክር ናቸው። ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ቀጫጭን ክሮች። አንዱን በጣቱ አንስቶ በነጭ ሳህን ላይ አደረገልኝ። ቀይና ነጭ ክር አብሮ የተገመደ ይመስላል። ቀዩ አንጀቷ ውስጥ ያለው የበጓ ደም ነው፤ ነጩ በዙሪያው የተጠመጠመው የትሏ ማህፀን ነው። እንዲህ ያለው ክር በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺህ የሚቆጠር ነበር። ከዚያ የዳለቻን የታች የዓይን ሽፋን በአውራ ጣቱ ገልጦ አሳየኝ። አይብ የመሰለ ነጭ። ደም የሚባል ነገር አልቀረባትም።

«በኮሶ ያወጣችሁት ትል ሌላ ነው። የገደላት ይሄኛው ነው» አለኝ። ጽሑፌ በሙሉ የሚዞረው በዚህች አንዲት አነጋገር ዙሪያ ነው።

እስቲ ቋንቋችንን አስቡት። ኮሶ የምንለው መድኃኒቱንም ነው፣ ትሉንም ነው። «ኮሶ ያዘው» እንላለን፤ «ኮሶ ጠጣ» እንላለን። ያ ጥብጣብ የመሰለ ትል በዓይን ስለሚታይ ስም ወጣለት፣ መድኃኒትም ተፈለገለት። እንቆቆም፣ መተሬም፣ የዱባ ፍሬም ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁት በዚሁ በጥብጣቡ ትል ላይ ነው። መጀመሪያ ለሰው ነበሩ፤ ከሰው ወደ እንስሳ ተሻገሩ። ደም መጣጩ ክር ግን በጉ ሲታረድ ካልሆነ አይታይም፤ ሲታረድም ጨጓራው ሲታጠብ አብሮ ይፈሳል። በአማቴም በእኔም አፍ ስም የለውም። ባለሙያዎቹ ሄሞንከስ ይሉታል። ጥብጣቡ ትል ትልቅ በግን ብዙም አይጎዳም፤ ችግር የሚሆነው ግልገሎች ሲበዛባቸው ነው። እኛ የታየንን አባርረን ያልታየንን ተውን።

የሄሞንከስ ነገር ስሌቱ ያስፈራል። አንዱ ትል በቀን የሚመጠው ደም 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ትንሽ ናት፣ ጠብታ ናት። በግ ውስጥ 1,000 ትል ካለ ግን 50 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አንድ ሲኒ ቡና ማለት ነው። በየቀኑ አንድ ሲኒ ደም። 25 ኪሎ የምትመዝን በግ ጠቅላላ ደሟ ከአንድ ሊትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ስንት ቀን ትችላለች? ያ የመንጋጭላ እብጠትም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ደሙ ሲቀጥን ውሃው ከደም ሥር ወጥቶ ዝቅ ያለ ቦታ ይጠራቀማል። ስትግጥ አንገቷን ደፍታ ስለምትውል መንጋጭላዋ ሥር ይወርዳል። ይህ ትል ብቻውን ሲሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተቅማጥ አያመጣም። «አላስቀመጣትም፣ ስለዚህ ትል የለባትም» የሚለው አነጋገር ብዙ በግ ገድሏል ብዬ አምናለሁ። የእኔን ገድሏል።

አንዷ ሴት ትል በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከበጠጥ ጋር ሜዳ ላይ ይወድቃል። እንደ ሐዋሳ ክረምት ሞቅና ረጠብ ባለ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ በጤዛው ውሃ ላይ እየዋኘ ሣሩ ላይ ይወጣል። ብዙ ከፍ አይልም፤ አብዛኛው ከመሬት እስከ አንድ ጣት ርዝመት ነው የሚቀመጠው። በግ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች። ከ3 ሳምንት በኋላ እሱ ራሱ ደም መጣጭ ሆኖ እንቁላል ይጥላል። ዳለቻ ኮሶ ከተጋተች በኋላ የመለስናት እዚያው በጠጧን ስትጥልበት ወደነበረው አጭር ሣር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀሪዎቹን 12ቱን ሐኪሙ አንድ በአንድ ዓይናቸውን ገልጦ አየ። 4ቱ ነጥተው ነበር። የ4ቱን በጠጥ ላብራቶሪ ወስደን አስቆጠርን። በአንድ ግራም በጠጥ ውስጥ ስንት የትል እንቁላል እንዳለ በማይክሮስኮፕ ይቆጥራሉ። ይህን አገልግሎት ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ማንኛውም ቅጠል፣ ማንኛውም ክኒን ከመስጠቴ በፊት አስቆጥራለሁ። ከሰጠሁ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሜ አስቆጥራለሁ። ወጣ አልወጣ ብሎ ጅራት ሥር ማየት ቀረ።

አሁን ወደ ቅጠሎቹ ልግባ። ሞክሬ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ግራዋን በትልቅ ተስፋ ነው የጀመርኩት። የጠላ ጋን የምናጥብበት፣ ምሬቱ ምላስ ላይ የሚቀረው ግራዋ። በታንዛኒያ ማሃሌ ተራሮች ላይ ቺምፓንዚዎች ሲያማቸው የግራዋን ለጋ ግንድ ልጠው ውስጡን እያኘኩ መራራውን ጭማቂ ሲውጡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መዝግበዋል ሲሉኝ ተስፋዬ ጨመረ። ከ4ቱ በጎች መሐል ሻል ያለችውን ቡሬን መረጥኩ። በእሷ በጠጥ ውስጥ የተቆጠረው የትል እንቁላል በግራም 2,450 ነበር። ለ5 ቀን ቅጠሉን ቀጥቅጬ፣ ጨምቄ ጋትኳት። ከ10 ቀን በኋላ 1,900 ሆነ። ደስ ብሎኝ ለሐኪሙ ደወልኩ። እሱ ግን እንዲህ ያለው ልዩነት ምንም ሳይሰጣት በራሱ ከቀን ቀን ሊመጣ እንደሚችል አስረዳኝ። ሠርቷል የሚባለው ቁጥሩ ከሞላ ጎደል ሲጠፋ ነው። የቡሬ ዓይን ደግሞ ያው እንደነጣ ነበር። ያን ቀን ትክክለኛውን ክኒን ሰጠናት፤ ከክኒኑ በኋላ ስናስቆጥር 50 ብቻ ቀረ። ከሳምንታት በኋላ ዓይኗ ቀላ። ግራዋ ዋጋ የለውም አልልም። ነጥታ ያለች በግን በግራዋ ማከም ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ የላትም።

ኒምም ሞክሬያለሁ። የጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ፍየሎቻቸው ሲያገኙት ይቀነጥሱታል። ስለ ኒም በይነመረቡ ላይ የማይባል ነገር የለም። ልብ በሉልኝ፤ የቅጠል ጭማቂ ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ያለ ትል ገደለ ማለትና በግ ሆድ ውስጥ ያለውን ገደለ ማለት የተለያየ ነው። በግ የምትውጠው ነገር መጀመሪያ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ በብዙ ውሃና ሣር ይበረዛል፣ ይብላላል። አራተኛው ክፍል ሲደርስ ኃይሉ ምን ያህል እንደቀረ በዓይን አይታወቅም። በእኔ በጎች ላይ ኒም ቁጥሩን አልነካውም። ተውኩት።

ያስደሰተኝ የግራር ነገር ነው። በስምጥ ሸለቋችን ግራር ሞልቷል። ፍሬውና ቅጠሉ ታኒን አለበት። ታኒን ማለት ጥሬ ሙዝ ስንነክስ አፋችንን የሚያኮማትረን ነገር ነው። በተለያዩ አገሮች እንደታየው ታኒን ያለባቸው መኖዎች የትሉን እንቁላል ይቀንሳሉ፤ ፕሮቲኑም ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ሳይባክን ወደ ታች እንዲያልፍ ያግዛሉ። አሁን በበጋ የግራር ፍሬ እንሰበስባለን፤ ፈጨት አድርገን ከፉርሽካ ጋር በትንሹ እንሰጣለን። ሲበዛ በጓ መኖዋን ትቀንሳለች፤ ስለዚህ በመጠኑ ነው። ይህ የታመመችን አያድንም። ጤነኛዋን ግን ያግዛል ብዬ አስባለሁ። አስባለሁ ያልኩት በዚያው ጊዜ ፋጉሎም፣ ማለትም የዘይት እህል ተጨምቆ የሚቀረውን፣ መስጠት ስለጀመርኩ ነው፤ የትኛው እንደጠቀመ መለየት አልችልም። ፕሮቲን ያገኘች በግ ትልን እንደምትቋቋም ግን ሐኪሙ ያለ ጥርጥር ነው የነገረኝ። በእኔም ቤት የከበዱትና የሚያጠቡት ፋጉሎ ማግኘት ከጀመሩ ወዲህ መንጣታቸው ቀንሷል።

ኮሶን በተመለከተ ለአማቴ ክብር ስል አንድ ነገር ልበል። በጥብጣቡ ትል ላይ ሠርቷል። ዓይኔ አይቷል፣ ሳይንሱም ይህን አይክድም። ችግሩ መጠኑ ነው። አበባው ከዛፍ ዛፍ፣ ከቆየበት ጊዜ አንጻርም ኃይሉ ይለያያል፤ ሲበዛ ደግሞ መርዝ ነው። በሰው ላይ እንኳ የዓይን ብርሃን እስከማጥፋት እንደሚደርስ የታወቀ ነው። ለከበደች በግ መስጠታችን ትልቅ ስሕተት ነበር። ዛሬ ግልገሎች ላይ ያ ሩዝ የመሰለ ነገር ሲበዛ ባየሁ ለሐኪሙ እነግራለሁ እንጂ ኮሶ አልዘፈዝፍም። የዱባ ፍሬ ግን ጉዳት የለውም፤ ዱባ በሠራን ቁጥር ፍሬውን ወቅጠን ከመኖ ጋር እንጨምርላቸዋለን። ቢያንስ ምግብ ነው።

ትምባሆም አለ። ከብት አልቅት ሲገባበት የትምባሆ ውሃ በአፍንጫው ያንጠባጥባሉ። አልቅት ሌላ ነገር ነው፤ የሆድ ትል አይደለም። አንድ ሰው ይህንኑ ለትል ብሎ በጉን እንዲጋት ሲመከር ሰምቼ ደንግጫለሁ። ትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ትንሽ ሲያልፍ በጉን ራሱን ይገድላል። እባካችሁ።

የእንዶድን ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ እኛ ሰፈር በጣም ያሳስበኛል። ረግረጉ አጠገብ የሚግጡ በጎችና ላሞች ሌላ ጠላት አላቸው፤ የጉበት ትል። ይህ ትል ከእንስሳው ወጥቶ የሚያድገው እርጥብ ቦታ በሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ሣር ላይ ይለጠፋል። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳዩ። እንኮራበታለን፣ ይገባልም። አንድ ጎረቤታችን ይህን ሰምተው እንዶድ ወቅጠው ረግረጉ ዳር ባለው ቦይ ሊጨምሩ ተነሱ። ለመንኳቸው። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ብቻ አይደለም የሚገድለው፤ ዓሣም ይገድላል። የጥቁር ውሃ ወንዝ የሚገባው ሐዋሳ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ነገር እዚያው ነው የሚቀረው። አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶና አምባዛ እየሸጠ ስንቱ ቤተሰብ ይኖራል! ደግነቱ ሰሙኝ። እንዶድን ለበግ መጋት ደግሞ ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም።

ለጉበት ትል እኛ ያደረግነው ሌላ ነው። ረግረጉን አጠርን። ከረግረጉ የሚታጨደውን ሣር በእስር ገዝተን ወዲያው መስጠት አቆምን፤ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀን ድርቆሽ ሲሆን ነው የምንሰጠው። ለክር ትል የሚሰጠው ክኒን ሁሉ ለጉበት ትል አይሆንም፤ አንዳንዱ የሚገድለው ያደገውን ብቻ ነው። ስለዚህ ረግረግ አጠገብ ያላችሁ፣ ለሐኪሙ የት እንደምታግጡ ንገሩት። ይህን ሳይሰማ ትክክለኛውን መምረጥ አይችልም።

ስለ ክኒኑም የተቃጠልኩበትን ልንገራችሁ። ከዳለቻ ሞት በኋላ በድንጋጤ አንድ ሻጭ ጋ ሄድኩ። አልቤንዳዞል ባለ 300 ሚሊ ግራም ሰጠኝና «አንዱን ለሦስት ክፈይው፣ ለበግ ይበቃል» አለኝ። ገንዘብ የቆጠበልኝ መስሎኝ አመሰገንኩት። ሐኪሙ ሲሰማ ራሱን ያዘ። 28 ኪሎ ለምትመዝን በግ ያ ከሚገባት በታች ነው። ያልበቃ መድኃኒት ደካማውን ትል ይገድልና ጠንካራውን ይተዋል። ጠንካራው ይራባል። ከዓመት በኋላ ክኒኑ ሙሉ ቢሰጥም አይሠራም። ስለዚህ መዝኑ። ትንንሾቹን እኔ የሰው ሚዛን ላይ ተሸክሜያቸው እቆማለሁ፤ ከዚያ የራሴን ክብደት እቀንሳለሁ። ትልልቆቹን በጆንያ አድርገን በተንጠልጣይ ሚዛን እንመዝናለን። የፍየል መጠን ከበግ ይለያል፤ ብዙ ጊዜ ፍየል ከፍ ያለ ይፈልጋል። አልቤንዳዞል በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወር ላይ ላለች በግ አይሰጥም። ከሰጣችሁ በኋላ ለሥጋም ለወተትም ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ለበዓል ልታርዱ ያሰባችሁትን አስቡበት።

ሁሉንም በአንድ ላይ መስጠትም ተውን። ዓይን እያየን ነው የምንሰጠው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ፋማቻ የሚባል ካርድ አለ፤ 5 ቀለም ተደርድሮበታል። 1 ደማቅ ቀይ ነው፣ 5 ነጭ ነው። የበጓን የታች ዓይን ሽፋን ገልጦ ከካርዱ ጋር ማስተያየት ነው። 1 እና 2 ከሆነች መድኃኒት ሳይሰጣት ትታለፋለች። 3 ከሆነች ግልገል ወይም የከበደች ካልሆነች በዓይን ትከታተሏታላችሁ። 4 እና 5 ከሆነች ያኔውኑ መድኃኒት ትሰጧታላችሁ። ጥላ ውስጥ አትዩ፣ ቀለሙ ያታልላል። ደጅ በቀን ብርሃን ይሁን፤ ሽፋኑን ገልጣችሁ ብዙ አታቆዩት፣ ቶሎ ይቀላል። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ፣ በበጋ በወር አንዴ እናያለን። መንጣት በመዥገርም፣ በጉበት ትልም ይመጣል። ስለዚህ ዓይኑ የሚነግራችሁ ደም መጉደሉን ነው፤ የጎደለበትን ምክንያት የሚነግራችሁ ላብራቶሪው ነው።

የቀረው የየቀን ሥራ ነው። በጎቹን ጤዛው ሳይረግፍ አናወጣም። ሜዳዋን ለሦስት ከፍለን በየተራ እናግጣለን፤ ሣሩ ከጣት ሳያጥር እናነሳቸዋለን። መኖ መሬት ላይ መበተን ቀረ፣ ገንዳ አሠራን። በጠጡን ጠርገን አንድ ቦታ ከምረን እንዲግል እናደርጋለን እንጂ ትኩሱን ሜዳ ላይ አንጥልም። ሌላም አለ፤ በዓል ሲሆን የበግ ጭንቅላትና ውሃ የቋጠረ ጉበት ለውሻ አንወረውርም። በጎችን ዙሪያቸውን የሚያሽከረክረው አዙሪት የሚመጣው ውሻው የበግ አንጎል በልቶ ከሚይዘው ትል ነው። ለዚህ ምንም ቅጠል የለውም፤ መቅበር ወይም ማቃጠል ብቻ ነው።

አማቴን ስለ ዳለቻ ወቅሼያቸው አላውቅም። እሳቸው ግን ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ነበር። ያን ክር የመሰለ ትል ሐኪሙ ሲያሳየን ከኋላዬ ቆመው አይተውታል። አሁን ዓይን የሚገልጡት እሳቸው ናቸው። እጃቸው ከእኔ ይረጋጋል፤ በጎቹም አይፈሯቸውም። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው አንድ በአንድ እያዩ ሲያሳልፉ አንዷን ያዝ አደረጓት። የቡሬ ልጅ ናት። በአውራ ጣታቸው ደግመው ገለጡ። «ይቺ ነጣ ብላለች። በጠጧን ያዢና ሂጂ፣ ፀሐይ ሳይበረታ» አሉኝ። ከመሬት ሳይሆን ከራሷ፣ በንጹሕ ፌስታል እጄን ሸፍኜ ያዝኩ። ፌስታሉን ገልብጬ አየሩን አስወጥቼ ቋጠርኩት። ስሟንና ቀኑን ጻፍኩበት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ካለበት ጠርሙስ ጋር ቅርጫት ውስጥ አስቀምጬ ባጃጅ ያዝኩ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ላብራቶሪው በር ላይ ነበርኩ።